ቢዝነሳችሁ ሳይከሰስ በፊት ቋሚ የሕግ አማካሪ እንዴት ትይዛላችሁ? ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ከሷ ቀን በኋላ ስለነቃሁ ነው። ለቢሯችን አገልግሎት ከሚሰጥ አንድ ድርጅት ጋር የአንድ ዓመት ውል ነበረን። አገልግሎቱ ስላልተመቸን ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደወልኩና «እናመሰግናለን፣ ከዚህ በኋላ አንቀጥልም» አልኩ፣ ያነሳችው ልጅም በትህትና «እሺ ችግር የለም» አለችኝ። በወሩ የሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ክፍያ ኢንቮይስ ከች አለ። ውሉን አውጥቼ ሳየው ገጽ 9 ላይ በደቃቅ ፊደል ምን ይላል፣ ውሉ ከማለቁ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተቋረጠ ለተጨማሪ አንድ ዓመት በራሱ ይታደሳል። በጽሑፍ። 60 ቀን። እኔ እጅ ላይ ያለው አንድ የስልክ ጥሪና 21 ቀን። ያኔ ነው እንግዲህ ጠበቃ ፍለጋ የሮጥኩት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ሰውዬው ውሉን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም፣ መነጽሩን አወለቀና «ወንድሜ፣ ሳትፈርም አምጥተህልኝ ቢሆን ይቺን አንቀጽ በአንድ መስመር እናስተካክላት ነበር፣ አሁን ግን ወይ ትከፍላለህ ወይ ትለምናለህ» አለኝ። ለመንኩ፣ ግማሹን ከፈልኩ።

ብዙዎቻችን ጠበቃ የሚያስፈልገው ስንከሰስ ይመስለናል። እኔ እንዳየሁት ግን ጠበቃ ዋጋው የሚታየው ከፊርማ በፊት ነው፣ እሱም ቢዝነሳችሁን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ። ስለዚህ ከታች በየእርምጃው የትኛውን ራሳችሁ መሥራት እንደምትችሉና የትኛውን ደግሞ ለባለሙያ መስጠት እንዳለባችሁ እየለየሁ እሄዳለሁ። ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ዝርዝሩን እዛው ያላችሁበት ያለ ጠበቃ ነው የሚነግራችሁ፣ የማነሳቸው ዓመተ ምህረቶች ደግሞ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።

እርምጃ 1፦ ወረቀቶቻችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ

ይሄ የናንተ ሥራ ነው፣ ለዚህ ጠበቃ አትክፈሉ። አንድ ቅዳሜ መድቡና የፈረማችሁትን ሁሉ ከመሳቢያ፣ ከኢሜይል፣ ከቴሌግራም፣ ከድሮ ሠራተኛ ላፕቶፕ እያወጣችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱ። የመመስረቻ ጽሑፍ፣ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ፣ የብድር፣ የአቅራቢ፣ የደንበኛ፣ የሠራተኛ፣ የኢንሹራንስ፣ የሶፍትዌር፣ ሁሉንም። ከዛ በኤክሴል አምስት ኮለም ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ከማን ጋር ነው፣ መቼ ያልቃል፣ ለማቋረጥ ስንት ቀን በፊትና በምን መንገድ ማሳወቅ ያስፈልጋል፣ ማን ፈረመ፣ በሁለቱም ወገን የተፈረመው ኮፒ አለን ወይ። የመጨረሻዋ ኮለም ላይ ትደነግጣላችሁ፣ ዋስትና ነው። እኔ ስሠራው ከነበሩን ውሎች ውስጥ አምስቱ እኛ ብቻ የፈረምንባቸው ሆነው ተገኙ፣ ሌላው ወገን «ፈርሜ እልክላችኋለሁ» ብሎ እዛው ቀርቷል።

የማቋረጫ ቀኖቹን ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡ፣ ከቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲጮህ አድርጉ። እኔ ይሄን አድርጌ ቢሆን መግቢያዋን ታሪክ አትሰሟትም ነበር።

እርምጃ 2፦ እናንተና ድርጅታችሁ የት ጋ እንደምትለያዩ እወቁ

1897 ላይ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እሱ ነበር) ሰሎሞን በሚባል ነጋዴ ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ እስካሁን በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። ሰውዬው የጫማ ሥራውን ወደ ኩባንያ ቀየረ፣ አክሲዮኑ ከጥቂቱ በቀር የሱ ነው፣ የቀሩት ባለአክሲዮኖች ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፣ ኩባንያው ሲከስር ባለዕዳዎች... ይቅርታ ባለገንዘቦች «ኩባንያው ማለት እሱ ራሱ ነው፣ እሱ ይክፈል» ብለው መጡ። ምክር ቤቱ አይሆንም አለ፣ ኩባንያው በሕግ ዓይን ከባለቤቱ የተለየ ሌላ ሰው ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር የምንለው ነገር ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ይሄን አጥር ራሳችን በገዛ እጃችን ማፍረሳችን ነው። አንደኛ፣ ባንክ ወይ አከራይ «እዚችም ጋ ፈርም» ሲል የግል ዋስትና ይፈረማል፣ በቃ የድርጅቱ ዕዳ ያንተም ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የድርጅቱንና የግልን ገንዘብ ማደባለቅ፣ ከድርጅቱ አካውንት የልጅ ትምህርት ቤት መክፈል ምናምን፣ ፍርድ ቤት አጥሩን እንዲያልፍ ሰበብ ከሚሆኑት አንዱ ይሄ ነው። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ይስታል፦ ስትፈርሙ ከስማችሁ በታች የድርጅቱን ሙሉ ስምና የሥራ መደባችሁን ጻፉ፣ «ስለ እገሌ ድርጅት፣ ሥራ አስኪያጅ» ብሎ። ባዶ ስም ብቻ ከሆነ ነገ «እኔ የተዋዋልኩት ከግለሰቡ ጋር ነው» የሚል ይመጣል።

ሸሪክ ካላችሁ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ሃምሳ ለሃምሳ ስትጀምሩ ፍቅር ነው፣ ስትጣሉ ግን ማንም ማንንም መብለጥ ስለማይችል ድርጅቱ ይቆማል። የመመስረቻ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሄን አይመልስም፣ ስለዚህ ለብቻው የባለድርሻዎች ስምምነት ይጻፍ። ቢያንስ እነዚህ ይመለሱበት፦ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን ይሄዳል፣ አንዱ መሥራት ቢያቆም ድርሻውን ይዞ ይቀመጣል ወይ፣ በምን ጉዳይ ላይ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ስትጣሉ እንዴት ትለያያላችሁ። ለመለያየት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱን በጣም እወደዋለሁ፣ አንደኛው ዋጋ ይጠራል፣ ሌላኛው በዚያው ዋጋ መግዛት ወይም መሸጥ ይመርጣል። ዋጋ ጠሪው እንዳያጋንን ራሱ ሊገዛበት ይችላል፣ እንዳያራክስ ራሱ ሊሸጥበት ይችላል። ብቻ አንደኛው ሸሪክ ሀብታም ሌላው ደሃ ከሆነ ሀብታሙ አውቆ ዝቅ አድርጎ ሊጠራ ይችላል፣ ምክንያቱም ያኛው መግዣ የለውም። ይሄን ስምምነት ለጠበቃ ስጡት፣ ከኢንተርኔት ኮፒ ፔስት የሚደረግ አይደለም።

እርምጃ 3፦ ውል ማንበብ ልመዱ

እዚህ ጋ ቆየት ማለቴ ነው፣ አብዛኛው ጣጣ የሚወለደው እዚህ ስለሆነ።

አንድ አንቀጽ እንይ፣ በየውሉ የማያት ናት፦ «ክፍያ ሥራው በጥራት ሲጠናቀቅ ይፈጸማል።» ስታነቧት ምንም የላትም አይደል? አሁን ደንበኛው መክፈል አልፈለገም እንበል። «በጥራት» ያለው በማን መለኪያ ነው? «ሲጠናቀቅ» የሚባለው ማን ተጠናቀቀ ሲል ነው? «ሲጠናቀቅ ይፈጸማል» ማለት በዕለቱ ነው በሳምንቱ ነው በዓመቱ? ሦስት ቀዳዳ ያላት አንድ መስመር። ጠበቃዬ ይቺኑ እንዲህ አድርጎ ጻፋት፦ «ተቀባዩ ሥራውን በኢሜይል ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በአባሪ 1 ከተዘረዘሩት መስፈርቶች የትኛው እንዳልተሟላ ጠቅሶ በጽሑፍ ካልተቃወመ ሥራው እንደጸደቀ ይቆጠራል፤ ክፍያውም ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይፈጸማል።» ረዘመች፣ ውበትም የላትም፣ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አሁን ለደንበኛው ሳይሆን ለኔ ይሠራል። ከዛ ወዲህ «እያየነው ነው» የሚባል ነገር ቀረልኝ።

ሥርዓተ ነጥብ እንኳን ገንዘብ ነው። ካናዳ ውስጥ ሮጀርስና አሊያንት የሚባሉ ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች ኬብል ምሰሶ ላይ ስለመስቀል 2002 ላይ የተዋዋሉት ውል ነበር። ውሉ ለ5 ዓመት ይጸናል፣ ከዛም ለተከታይ 5 ዓመታት ይታደሳል ይልና ኮማ አድርጎ «በአንድ ዓመት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ካልተቋረጠ በቀር» ይላል። ሮጀርስ የመጀመሪያው 5 ዓመት የማይነካ ነው ብሎ ተቀምጧል፣ አሊያንት ግን በዛች ኮማ ምክንያት ማቋረጫዋ የመጀመሪያውንም 5 ዓመት ትይዛለች ብሎ ወጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 2006 ላይ ኮማዋን አይቶ ለአሊያንት ፈረደ፣ ሁለት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነገር ነው የተንጠለጠለባት። በሚቀጥለው ዓመት የውሉ የፈረንሳይኛ ቅጂ ታየና ውሳኔው ተገለበጠ። ስለዚህ ውላችሁ በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ የትኛው ቅጂ የበላይ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩ።

ካናዳን ካነሳን አይቀር ሌላም አላቸው። ሳስካችዋን ውስጥ እህል ገዢ ለአንድ ገበሬ የ87 ቶን ተልባ ውል ፎቶ አንስቶ በቴክስት ይልክለትና «አረጋግጥልኝ» ይለዋል፣ ገበሬው አውራ ጣት ወደ ላይ ያለችዋን ኢሞጂ መለሰለት። ተልባው ሳይመጣ ዋጋው ጨመረ። ገበሬው «ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤቱ ግን 2023 ላይ በሁለቱ መካከል ከነበረው የቆየ ልማድ አንጻር ኢሞጂዋ ፊርማ ናት ብሎ ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። እናም ሠራተኞቻችሁ ደንበኛ የላከውን ሁሉ በአውራ ጣት እየመለሱ ከሆነ ነገ ጠዋት ሰብስቧቸው። «ደርሶኛል፣ አይቼ እመለስበታለሁ» ብሎ መጻፍ አምስት ሰከንድ ነው።

ውል ሲመጣላችሁ ራሳችሁ የምታዩዋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የምንሰጠውና የምንቀበለው በትክክል ተዘርዝሯል ወይ፣ ዋጋው ታክስን ይጨምራል ወይ፣ ብንዘገይ መቀጫው ጣሪያ አለው ወይ፣ እንዴት ይቋረጣል፣ በራሱ ይታደሳል ወይ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ የሚባለው ምን ምን ነው፣ ስንጣላ የት አገር በየትኛው ሕግ ነው የምንዳኘው። የሚከተሉት ካሉበት ግን ሳትፈርሙ ለጠበቃ ላኩ፦ የግል ዋስትና፣ ጣሪያ የሌለው የካሳ ግዴታ፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያስር ነገር፣ ወይም ቢበላሽ ድርጅቱን የሚዘጋ የገንዘብ መጠን።

«ስታንዳርድ ውላችን ነው፣ አይቀየርም» የሚሏችሁን አትመኑ። ስታንዳርድ ማለት ለነሱ የሚመች ማለት ነው። ጠይቁ፣ ቢበዛ እምቢ ይሏችኋል።

እርምጃ 4፦ ሠራተኛና ፍሪላንሰር

ወረቀት ላይ «ኮንትራክተር» ብሎ መጻፍ ሰውን ኮንትራክተር አያደርገውም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 የኡበር ሾፌሮችን በተመለከተ የወሰነው ይሄንኑ ነው፣ ውሉ ምንም ይበል ምን ዋጋ የሚተምነው፣ ሥራ የሚመድበውና የሚቆጣጠረው ድርጅቱ ከሆነ ሾፌሮቹ ዝቅተኛ ክፍያና የዓመት ፈቃድ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው አለ። ስለዚህ ፍሪላንሰር የምትሉት ልጅ በየቀኑ በሰዓቱ ገብቶ፣ በናንተ ኮምፒውተር፣ በናንተ አለቃ ሥር፣ ለናንተ ብቻ ከሦስት ዓመት በላይ ከሠራ ስሙን ምንም በሉት ለጠበቃችሁ ንገሩት፣ የጡረታና የታክስ ዕዳ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊመጣ ይችላል።

ስንብት ላይ አብዛኛው አሠሪ የሚሸነፈው ምክንያት ስለሌለው ሳይሆን ምክንያቱን ስላልጻፈ ነው። ለሁለት ዓመት ሲያረፍድ ዝም ተብሎ አንድ ቀን ተናዶ ማባረር፣ ፋይሉ ሲከፈት አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የለችም። በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህም ይሠራል። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ፣ ቀኑን ጠቅሶ፣ የፈጸመውን በዝርዝር፣ የሱን መልስም አብሮ ያዙ። የስንብት ደብዳቤ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ለጠበቃ መደወል ግድ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ነገ ፍርድ ቤት ይዛችሁት የምትከራከሩት ደብዳቤው ላይ የጻፋችሁትን ምክንያት ነው።

እርምጃ 5፦ ስማችሁ፣ ሎጎአችሁ፣ ኮዳችሁ የማነው?

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፣ «ከፍዬ ያሠራሁት የኔ ነዋ» ትላላችሁ። በብዙ አገር ሕግ ግን ቅጥር ሠራተኛ የሠራው ለአሠሪው ሲሆን ፍሪላንሰር የሠራው በጽሑፍ ካላስተላለፈ የራሱ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 1989 ላይ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ከፍሎ ያሠራው ሐውልት ላይ ቀራጹ ተቀጣሪ ስላልሆነ ሥራው የቅጥር ሥራ ነው አይባልም ብሏል። ዲዛይነራችሁ የሠራላችሁን ሎጎ፣ ዴቨሎፐሩ የጻፈላችሁን ኮድ፣ ፎቶግራፈሩ ያነሳላችሁን ፎቶ አስቡ። መፍትሄው አንድ አንቀጽ ናት፣ ከክፍያው ጋር መብቱ ሙሉ በሙሉ እንደሚተላለፍ የምትል፣ እሷን ጠበቃችሁ አንዴ ይጻፍላችሁና በየውሉ ትለጥፏታላችሁ። ዶሜይን ስሙም በናንተ ስም መመዝገቡን ዛሬውኑ እዩ፣ ስንቱ ቢዝነስ ዌብሳይቱ በድሮ ሠራተኛ ኢሜይል ተይዞበት ተቀምጧል።

የቅጂ መብት በ1886ቱ የበርን ስምምነት ምክንያት በአባል አገራት ያለ ምዝገባ ይገኛል፣ የንግድ ምልክት ግን በአብዛኛው አገር መመዝገብ ይፈልጋል፣ የመዘገባችሁበት አገር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። በ1883ቱ የፓሪስ ስምምነት መሠረት አንድ አገር ካመለከታችሁ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ሌላ አባል አገር ብታመለክቱ የመጀመሪያው ቀናችሁ ይያዝላችኋል፣ ለፓተንት ደግሞ 12 ወር ነው። ፓተንት ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ሳታመለክቱ በፊት አታውሩ። በብዙ አገር ፈጠራውን ለሕዝብ ካሳያችሁ በኋላ አዲስ መሆኑ ይቀራል፣ ኤግዚቢሽን ላይ አቅርቦ ከዛ ማመልከት ማለት ራስን መጥለፍ ነው።

እርምጃ 6፦ የደንበኛ መረጃ

አጭር ነው። የማያስፈልጋችሁን መረጃ አትሰብስቡ፣ ያልሰበሰባችሁት ሊሰረቅ አይችልም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላሉ ሰዎች የምትሸጡ ከሆነ ቢሯችሁ የትም ይሁን ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ጂዲፒአር የሚባለው የኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከታችኋል፣ ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። መረጃ ሾልኮ ከሆነ ለተቆጣጣሪው ለማሳወቅ ያላችሁ ጊዜ ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ 72 ሰዓት ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ጠበቃ ፈልጎ፣ ተስማምቶ፣ ከፍሎ፣ ስለ ድርጅታችሁ አስረድቶ ደብዳቤ ማውጣት... ሞክሩትና ንገሩኝ።

እርምጃ 7፦ ሰውየውን መምረጥ

እስካሁን ያለው ዝግጅት ነበር። አሁን የሠራችሁትን ሠንጠረዥ ይዛችሁ ሦስት ጠበቆችን አነጋግሩ። አንድ ብቻ አይበቃም፣ ማወዳደሪያ ያስፈልጋችኋል።

ፍርድ ቤት ላይ ስሙ የገነነ ሰው ሁልጊዜ ጥሩ አማካሪ አይደለም። ተከራካሪና አማካሪ ሁለት የተለያየ ጠባይ ነው፣ አንዱ ጸብ ሲኖር ያብባል፣ ሌላው ጸብ እንዳይኖር ቁጭ ብሎ አሰልቺ ውል ያነባል። እናንተ የምትፈልጉት አሰልቺውን ነው። እነዚህን ጠይቁ፦ በኛ ዓይነት ሥራ ላይ ያለ ደንበኛ አለህ? ተፎካካሪያችን ወይ አከራያችን ወይ ባንካችን ደንበኛህ ነው? የጥቅም ግጭት የሚባለው ይሄ ነው፣ አስቀድሞ ይጣራ። ሥራውን የምትሠራው አንተ ነህ ወይስ ትናንት የተመረቀ ረዳት? ውል ብልክልህ በስንት ቀን ትመልሳለህ? ደግሞ አንድ የፈተና ጥያቄ አለችኝ፣ አንድ የፈረማችሁትን ውል አሳዩትና «ምን ያስፈራሃል?» በሉት። «ብዙ ችግር አለበት» ብሎ በጅምላ ካስፈራራችሁ ተሰናበቱት፣ «ሁለት ነገር አለ፣ አንዱ አይቀርላችሁም፣ ሌላው ግን ያን ያህል አያሳስብም» ካለ ሰውየውን አግኝታችኋል።

ክፍያው በብዛት በሦስት መንገድ ይመጣል። በሰዓት፣ ለአንድ ሥራ ቁርጥ ዋጋ፣ ወይም በየወሩ ቋሚ ክፍያ፣ ሪቴይነር የሚሉት። ለቋሚ አማካሪነት እኔ የወሩን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሰዓት የሚቆጥር ጠበቃ ጋ ለመደወል እጅ ያጥራል፣ «ለዚች ትንሽ ጥያቄ ይቆጥርብኛል» እያላችሁ ትተዉታላችሁ፣ ትንሿ ጥያቄ ደግሞ ናት ኋላ ትልቅ ፋይል የምትሆነው። ግን ሪቴይነር የሚለው ቃል ራሱ ያደናግራል፣ አንዳንዱ ጠበቃ በቅድሚያ የሚቀመጥ ተቀማጭን ነው ሪቴይነር የሚለው፣ በሰዓት እየተቀነሰ ሲያልቅ ትሞላላችሁ። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ከጠበቃ ጋር የምትፈርሙትም ውል ነው እኮ! እርምጃ 3 ለሱም ይሠራል። በወር ስንት ሰዓት ይካተታል፣ ያልተጠቀምንበት ሰዓት ወደሚቀጥለው ወር ይዞራል ወይ፣ ከሰዓቱ ካለፈ በስንት ሂሳብ ነው፣ ክርክር ይጨምራል ወይ (አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም)፣ አስቸኳይ ነገር ሲመጣ በስንት ሰዓት ይመልሳል፣ ስንለያይ ፋይሎቻችንን በስንት ቀን ያስረክባል። አንድ ዓመት ሙሉ አትታሰሩ፣ ሦስት ወር ሞክሩት፣ የሦስት ወሩን የሥራ ዝርዝር አይታችሁ የሰዓቱን መጠን አስተካክሉ።

ትንሽ ቢዝነስ ነን አቅም የለንም የምትሉ ደግሞ፣ በወር ሁለት ሰዓት እንኳን ይበቃችኋል። እኛ የጀመርነው በሁለት ሰዓት ነው፣ አንዷ ለስብሰባ አንዷ ለውል ማንበቢያ።

እርምጃ 8፦ የከፈላችሁበትን ተጠቀሙበት

ጠበቃ ይዞ አለመደወል ጂም ከፍሎ አለመሄድ ነው። በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት በካላንደር ላይ ቁረጡ፣ አጀንዳው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፦ በሚቀጥለው ወር ምን እንፈርማለን፣ ማንን እንቀጥራለን ማንን እናሰናብታለን፣ ማን አልከፈለንም፣ ምን አዲስ ነገር ልንጀምር አስበናል። አራተኛዋ ላይ ነው አማካሪ የሚያተርፋችሁ፣ ዕቅዱ ገና ወሬ እያለ «ይሄ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል» ቢላችሁ ያዳናችሁን ገንዘብ ማንም በደረሰኝ አያሳያችሁም።

ስትጽፉለት ደግሞ ድራማውን ተዉትና በቅደም ተከተል ጻፉ። የኛ ኢሜይል እንዲህ ነው የሚመስለው፦

«ጉዳዩ፦ ደንበኛ አልከፈለም። ውል የፈረምነው መጋቢት 3፣ ሥራ ያስረከብነው ግንቦት 10 በኢሜይል፣ መክፈል የነበረበት እስከ ሰኔ 10። ሁለት ጊዜ አስታውሰነዋል። ሰኔ 20 ላይ ጥራቱ አላረካንም ብሎ መለሰ፣ ከዛ በፊት ምንም ቅሬታ አላቀረበም። ውሉና ኢሜይሎቹ ተያይዘዋል። የምንፈልገው፦ ገንዘባችንን፣ ደንበኝነቱ ቢቀጥል ደስ ይለናል ግን ግድ አይደለም። ጥያቄ፦ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንላክ ወይስ መጀመሪያ እንነጋገር? እስከ ሐሙስ መልስ እንፈልጋለን።»

ይሄ ተነቦ ለመመለስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይሄንኑ በ14 የድምፅ መልእክት ብትልኩት አንድ ሰዓታችሁን በላችሁት ማለት ነው። የሚያሳፍረውንም ጻፉለት፣ ጠበቃችሁ የናንተን ጥፋት ከተቃራኒ ወገን መስማት የለበትም።

እርምጃ 9፦ ደብዳቤ ሲመጣ

አንድ ቀን የሆነ ጠበቃ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ወይ መጥሪያ ይደርሳችኋል። የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ፎቶ አንስታችሁ በዕለቱ ለአማካሪያችሁ ላኩ፣ የመልስ ቀነ ገደብ እየቆጠረ ነው። ተናዳችሁ አትደውሉላቸው። ስለ ጉዳዩ ያሉ ኢሜይሎች፣ ቻቶች፣ ስክሪንሾቶች አንዳቸውም እንዳይሰረዙ ለሠራተኞቻችሁ በጽሑፍ ንገሩ፣ ራሱ እየደለተ የሚሄድ ቻት ካላችሁ አጥፉት፣ ማለቴ ቻቱን ሳይሆን ራሱ እንዲሰርዝ ያዘዛችሁትን ሴቲንግ። ማስረጃ ማጥፋት ከዋናው ክስ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ኢንሹራንስ ካላችሁም አሳውቁ፣ ዘግይቶ ማሳወቅ ሽፋኑን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ጠበቃችሁ የጻፈላችሁን ምክር ለአቅራቢ፣ ለጓደኛ፣ ለባንክ ፎርዋርድ አታድርጉ። በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለ ምክር በብዙ አገር በሚስጥር የተጠበቀ ነው፣ ለሦስተኛ ሰው ስታካፍሉት ግን ጥበቃው ሊቀር ይችላል። በደመወዝ የተቀጠረ የድርጅት ጠበቃ ያላችሁም ይሄ ጥበቃ ሁሉ ቦታ እኩል እንዳልሆነ እወቁ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት 2010 ላይ አክዞ ኖቤል በሚባል ኩባንያ ጉዳይ የአውሮፓ ኮሚሽን በሚያደርገው የውድድር ሕግ ምርመራ ላይ የውስጥ ጠበቃ ኢሜይል አይጠበቅም ብሏል።

ተበዳሪው ሌላው ሰው ከሆነና እናንተ ከሳሽ ልትሆኑ ከሆነ ደግሞ ይርጋን፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት ጊዜ ማለፉን፣ ፍሩ። እንግሊዝ ውስጥ ተራ የውል ዕዳ 6 ዓመት አለው፣ ጀርመን መደበኛው 3 ዓመት ነው፣ ያው አንድ ዓይነት ዕዳ እዚህ ሕያው ሆኖ እዚያ ሊሞት ይችላል። «ዘንድሮ ይከፍለኛል» እያሉ የሚያልፉት ዓመት ቀላል አይደለም። ከውጭ ድርጅት ጋር ከሆነ ጉዳዩ ውሉ ላይ ቀድሞ ታስቦበት ከነበረ ይቀላል፦ የግልግል ዳኝነት (ከፍርድ ቤት ውጭ ተዋዋዮቹ በመረጡት ዳኛ መዳኘት) ውሳኔ በ1958ቱ የኒው ዮርክ ስምምነት ምክንያት ከ170 በላይ አገራት ውስጥ ሊፈጸም ይችላል፣ የአንድ አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ያን ያህል በቀላሉ ድንበር አይሻገርም። ንብረቱ ሌላ አገር ያለ ሰው ላይ እቤታችሁ ያሸነፋችሁት ፍርድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 10፦ በዓመት አንዴ ፍተሻ፣ ካስፈለገም ስንብት

በዓመቱ የእርምጃ 1ን ሠንጠረዥ ከአማካሪያችሁ ጋር እንደገና ክፈቱት። ያለቀ ፈቃድ፣ ያልታደሰ የንግድ ምልክት፣ ደመወዝ ተጨምሮለት ውሉ ያልተስተካከለ ሠራተኛ፣ ከድርጅቱ የወጣ ሰው ስም ላይ ያለ ውክልና፣ ይሄኛው በተለይ። ወንበር የለቀቀ ሥራ አስኪያጅ ውክልናው ሳይሻር ስድስት ወር ሲቆይ አይቻለሁ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሰው ስንት ሊፈርም እንደሚችል አስቡት።

አማካሪው ሦስት ጊዜ ቀነ ገደብ ካሳለፈባችሁ፣ ስትጠይቁት «አይዟችሁ» ብቻ የሚል መልስ ከሰጠ፣ ወይም ለሁሉም ጥያቄ «እንክሰስ» ካለ ቀይሩት። ስትቀይሩ ግን አዲሱን ሳትይዙ አሮጌውን አትልቀቁ፣ በእጁ ያሉ ጉዳዮች ቀነ ገደባቸውን ዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲያስረክብ ጠይቁ፣ ኦሪጅናል ሰነዶችን ቆጥራችሁ በፊርማ ተቀበሉ፣ ውክልና ሰጥታችሁት ከነበረም በዚያው ሳምንት ሻሩ። ደግሞ የማቋረጫ ማስታወቂያውን በስልክ አትስጡ፣ በጽሑፍ፣ ውሉ ላይ ያለውን ቀን ቆጥራችሁ።